ቢሮና መጋዘን የሚያገናኝ ገመድ አልባ መስመር ሲቆራረጥ፦ ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ለይቶ ማውጣት

አንድ ድርጅት ሳሪስ ቢሮ፣ ቃሊቲ መጋዘን አለው እንበል። ፋይበሩ የገባው ቢሮው ድረስ ብቻ ነው። መጋዘኑ 4 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ሁለቱን የሚያገናኙት በ5.8 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ ሁለት ባለ ዲሽ ሬዲዮዎች ናቸው። መሣሪያው አዲስ ነው፣ ስክሪኑ «ተገናኝቷል» ይላል፣ መብራቶቹም አረንጓዴ ናቸው። ደንበኛው ግን በቀን ሦስት ጊዜ እየደወለ «ኔትወርኩ ጠፋ መጣ ይላል፣ ሽያጭ መመዝገብ አልቻልንም» ይላል።

በእንዲህ ያለ ሥራ አብዛኛው ጊዜ የሚባክነው ዕቃ በመቀያየር ነው። ሬዲዮ ይቀየራል፣ ራውተር ይቀየራል፣ ችግሩ ግን እዚያው ይቆያል። ሬዲዮ በቀላሉ አይበላሽም። ጣጣው አብዛኛውን ጊዜ ያለው በገመዱ፣ በኃይሉ፣ በእይታ መስመሩ ወይም በቅንብሩ ላይ ነው። ስለዚህ ጣሪያ ከመውጣትዎ በፊት መስመሩ ስንት ሲግናል ማሳየት እንዳለበት በወረቀት ላይ አስልተው ይያዙ። ሊሆን የሚገባውን ቁጥር ያላወቀ ሰው የሚያየው ቁጥር ጥሩ ይሁን መጥፎ ሊፈርድ አይችልም።

መጀመሪያ በስልክ የሚጠየቅ

«መቼ ነው የሚቋረጠው?» ከሁሉም ይቀድማል፤ ግን መልሱን ሲመዘግቡ ይጠንቀቁ። ደንበኛው «8 ሰዓት ላይ» ሲል ከቀኑ 8 ሰዓት ማለቱ ነው። የሬዲዮው ሎግ (የክስተት መዝገብ) የሰዓት ቀጠናው ካልተስተካከለ የሚጽፈው በዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ስለሆነ ያንኑ ክስተት 11:00 ብሎ ይመዘግበዋል፤ የኢትዮጵያ ቀጠና ከተሞላ ደግሞ 14:00 ይሆናል። ይህን ሳያገናዝቡ ሎግ ማንበብ ከንቱ ድካም ነው። ሌላም አለ፦ የብዙዎቹ ሬዲዮዎች ሎግ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። «ተቋረጠ» በተባለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ገብተው ሎጉን ባዶ ካገኙት፣ ወይም ቀኑ 1970 ከሆነ፣ መሣሪያው ኃይል አጥቶ እንደገና ተነሥቷል ማለት ነው። መልሱን ግማሽ በግማሽ አገኙት።

ቀጥለው ይጠይቁ፦ የሚቋረጠው ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ነው ወይስ በዋይፋይ የሚጠቀሙት ላይ ብቻ? ጄኔሬተር ሲነሣ ይብሳል? በቅርቡ ካሜራ፣ አዲስ ራውተር ወይም ተጨማሪ ስዊች ተገጥሟል? «ምንም አልተነካም» የሚለውን መልስ ሰምተው ይለፉት፤ ሲደርሱ በዓይንዎ ያዩታል።

ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ከመጋዘኑ ይጀምሩ። ላፕቶፕዎን በገመድ ስዊቹ ላይ ይሰኩ፤ ዋይፋዩን ያጥፉ። አራት መስኮት ከፍተው የማያቋርጥ ፒንግ (መሣሪያው መልስ መስጠቱንና ፍጥነቱን የሚያሳይ አጭር ጥሪ) ያስጀምሩ፦ አንዱ ወደ መጋዘኑ ሬዲዮ፣ ሁለተኛው ወደ ቢሮው ሬዲዮ፣ ሦስተኛው ወደ ቢሮው ራውተር፣ አራተኛው ወደ 8.8.8.8 (ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል አድራሻ)። ቢያንስ 30 ደቂቃ ይተዉት፤ ሰው በሚሠራበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል።

የሚነበበው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ፒንግ ራሱ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ ከስዊቹ እስከ ሬዲዮው ባለው ገመድ፣ በኢንጀክተሩ (ኃይልን በኔትወርክ ገመዱ ወደ ሬዲዮው የሚልከው ማስገቢያ) ወይም በስዊቹ ላይ ነው፤ ስለ ሲግናል ማሰብ ገና ነው። የመጀመሪያው ሳይነካ ሁለተኛው ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሰከንድ መሆን ሲገባው ወደ 80 እና 200 የሚዘል ከሆነ ችግሩ አየር ላይ ነው። ሁለቱ ጤነኛ ሆነው ሦስተኛው ከተቋረጠ ወደ ቢሮው ስዊችና ራውተር ይሂዱ። አራተኛው ብቻ ከጠፋ መስመርዎ ንጹሕ ነው፤ ጉዳዩ የኢንተርኔት አቅራቢው ነው፤ የፒንጉን ውጤት በስክሪን ቀርጸው ያስተላልፉ።

ፍጥነት ሲለኩ በኢንተርኔት የፍጥነት መለኪያ ገጽ አይጀምሩ፤ እሱ ሁሉንም ክፍል አንድ ላይ ቀላቅሎ ነው የሚለካው። ሬዲዮው ውስጥ ያለው መለኪያም የመሣሪያውን ፕሮሰሰር ስለሚያጨናንቅ ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። በሁለቱም ጫፍ ላፕቶፕ በገመድ ሰክተው በአይፐርፍ (በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ፍጥነት የሚለካ ፕሮግራም) በየአቅጣጫው ለ60 ሰከንድ ይለኩ። አቅጣጫውን ለይቶ መለካት ለምን እንደሚጠቅም ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

የሲግናሉ ሒሳብ

ርቀቱን በኪሎ ሜትር፣ ፍሪኩዌንሲውን በጊጋኸርዝ ይያዙ። የእያንዳንዳቸውን ሎጋሪዝም (በ10 መሠረት) በ20 ያባዙ፣ ይደምሩ፣ ከዚያ 92.45 ይጨምሩ። ለ4 ኪሎ ሜትርና ለ5.8 ጊጋኸርዝ 12 ሲደመር 15.3 ሲደመር 92.45 ይሆናል፤ በአየር ላይ የሚጠፋው 120 ዲሲቤል ገደማ ነው ማለት ነው። የማሰራጫው ኃይል 20 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ)፣ የየዲሹ ጌይን (ሲግናሉን ሰብስቦ የሚያጠናክርበት መጠን) 25 ከሆነ፦ 20 + 25 + 25 − 120 = −50 ዲቢኤም (ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይበረታል)። ሬዲዮው ሲግናሉን በቋሚና በአግድም ለየብቻ የሚያሳይ ከሆነ እያንዳንዱ በ3 ያህል ዝቅ ብሎ −53 አካባቢ ይነበባል።

በተግባር ከዚህ እስከ 3 ወይም 4 ዲሲቤል ቢወርድ አያስጨንቅም። −58 ካዩ ማነጣጠሩን እንደገና ይሞክሩት። −70 ካዩ ግን አንድ ነገር በግልጽ ተበላሽቷል፤ «ቢሆንም ተገናኝቷል» ብለው አይለፉት። ቋሚውና አግድሙ ከ4 ዲሲቤል በላይ ከተለያዩ አንዱ ዲሽ ዘሞ ተገጥሟል፣ ወይም ውጫዊ አንቴና ከሆነ አንደኛው ማገናኛ ላልቷል አለዚያም ውሃ ገብቶበታል።

ተቃራኒውም አለ። ሁለቱ ሕንፃዎች 300 ሜትር ብቻ ተራርቀው በሙሉ ኃይል ከለቀቋቸው ሲግናሉ −30 ይደርስና ተቀባዩ ይጨናነቃል፤ ቁጥሩ የሚያምር፣ ፍጥነቱ የሚያሳፍር መስመር ይሆናል። ኃይሉን ቀንሰው ወደ −45 እና −50 መካከል ያምጡት።

ጣሪያ ላይ

ቆርቆሮ ጣሪያ ጠዋት ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ከዝናብ በኋላማ ጭራሽ አይወጣበትም። የደኅንነት ቀበቶ ሳይታጠቁ፣ ከታች የሚያይዎ ሰው ሳይኖር፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ ሳያዩ አይውጡ።

በመጀመሪያ በዓይን ይመልከቱ፤ የመጋዘኑ ጣሪያ ይታያል? ይታያል ማለት ግን በቂ አይደለም። ሬዲዮው ከዓይን መስመሩ ዙሪያ መሐሉ ላይ የሚያብጥ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ለ4 ኪሎ ሜትር በ5.8 ጊጋኸርዝ የዚህ ቦታ ግማሽ ስፋት መሐል ላይ 7.2 ሜትር ነው፤ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 4.3 ሜትር፣ ከማንኛውም ነገር ነጻ መሆን አለበት። ከመስመሩ 2 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚያልፍ ጣሪያ በዓይን ምንም አይጋርድም፤ ሲግናሉን ግን ይበላል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ደጋግሞ የሚያበላሸው በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ነው፦ ሲገጠም አራተኛ ወለል ላይ የነበረው ዛሬ ስምንተኛ ደርሷል። ክሬን ካለ ደግሞ ክንዱ በዞረ ቁጥር መስመሩ ይጠፋል፤ ማታ፣ ሥራ ሲቆም፣ ሰላም ይሆናል። መስመሩ ላይ ያለውን ባሕር ዛፍም አይናቁት፤ በየዓመቱ ያድጋል።

ማነጣጠር ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዲሹን ሲያዞር የመጀመሪያውን ከፍ ያለ ቁጥር እንዳገኘ ብሎኑን ማሰሩ ነው። ዲሽ ከዋናው ጨረር ግራና ቀኝ ደካማ የጎን ጨረር አለው። በእሱ ላይ ከታሰረ መስመሩ ይገናኛል፤ ሲግናሉ ግን ከሒሳቡ በ15 ወይም በ20 ዲሲቤል ያንሳል። ከላይ ያነሣነው −70 ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። መድኃኒቱ ሰፊ አድርጎ መጥረግ ነው፦ ከግራ ጫፍ ወደ ቀኝ በጥቂት በጥቂቱ ያዙሩ፣ በየእርምጃው ቁጥሩ እስኪረጋ 5 ሰከንድ ይጠብቁ፣ ከፍ ብሎ የወረደባቸውን ቦታዎች በእርሳስ ምሰሶው ላይ ምልክት ያድርጉ። ሦስት ከፍታ ካገኙ ትክክለኛው መካከለኛው ነው። ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ያንኑ ይድገሙ። አንዱ ጫፍ ሲንቀሳቀስ ሌላው ጫፍ ፈጽሞ አይነካ፤ ሁለቱ ቴክኒሻኖች በስልክ እየተነጋገሩ በተራ ይሥሩ።

ብሎን ማሰሩም የራሱ ጥበብ አለው። በቺያቬ አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻ ካጠበቁ ዲሹ ወደዚያ ጎን ይሳብና −52 የነበረው −57 ይሆናል። ግራና ቀኙን ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያፈራረቁ፣ ዓይንዎን ከቁጥሩ ሳይነቅሉ ያጥብቁ። ምሰሶው ራሱ የሚወዛወዝ ከሆነ ሁሉም ከንቱ ነው፤ ከ2 ሜትር በላይ የቆመ ቀጭን ቧንቧ በሽቦ በሦስት አቅጣጫ ይወጠር።

«ዝናብ ሲዘንብ ይጠፋል»

ክረምት ላይ ይህ ቅሬታ ይበዛል፤ ጥፋቱም ለዝናቡ ይሰጣል። እውነቱን ለመናገር በ5.8 ጊጋኸርዝ በ4 ኪሎ ሜትር ላይ ዝናብ የሚቀንሰው ሲግናል ከቁጥር አይገባም። በ60 ጊጋኸርዝ የሚሠራ መሣሪያ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱን ኃይለኛ ዝናብ በአጭር ርቀትም ይዘጋዋል። 5 ጊጋኸርዝ በዝናብ ከጠፋ ግን ከአራቱ አንዱን ይፈልጉ፦ ውሃ የገባበት ማገናኛ፣ የረጠበ ቅጠል፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ምሰሶ፣ ወይም ዝናቡን ተከትሎ የሚጠፋ መብራት። መለያው ቀላል ነው። ዝናቡ ቆሞ ለሰዓታት ካልተመለሰና ፀሐይ ሲወጣ ከተሻለው የመጀመሪያው ነው። ወዲያው ከተመለሰ የመብራት ወይም የነፋስ ጉዳይ ነው፤ ሬዲዮው ከተነሣ ስንት ደቂቃ እንደሆነው የሚያሳየውን ቁጥር አይተው ይለዩት።

የገመዱን ጫፍ ከሬዲዮው ነቅለው ይመልከቱ። የማገናኛው ነሐስ ጥርሶች ላይ አረንጓዴ ነገር ካዩ ውሃ ገብቷል። አንዳንዴም ውሃው በገመዱ ሽፋን ውስጥ ለውስጥ ወርዶ ታች ያለውን ስዊች ያርሰዋል። ጫፉን ብቻ መቁረጥ አይበቃም፤ ገመዱ ውስጡ ከረጠበ መቀየር ነው። አዲሱን ሲገጥሙ ማገናኛው ወደ ታች ይዙር፤ ገመዱ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ውሃው የሚንጠባጠብበት ቦታ ይኑረው። ውጫዊ ማገናኛን ራሱን በራሱ በሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ይሸፍኑት፤ ተራ ናስትሮ ብቻውን ፀሐይ ያደርቀውና ይላቀቃል።

ገመድና ኃይል

ገበያ ላይ ርካሽ ሆኖ የሚሸጠው የኔትወርክ ገመድ ብዙ ጊዜ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። አንዷን ክር በቢላ ፋቅ ያድርጓት፤ ውስጧ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ቤት ውስጥ ለአጭር ርቀት ሊያገለግል ይችላል፤ ኃይል ለሚሸከም የጣሪያ መስመር ግን አይሆንም። ሒሳቡ ይኸው፦ 24 ቮልት ኃይል በሁለት ጥንድ ክር ሲላክ፣ ገመዱ 90 ሜትር ቢሆንና ሬዲዮው 0.35 አምፔር ቢወስድ፣ በንጹሕ መዳብ 2.7 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። በአሉሚኒየሙ ከ4 ቮልት ያልፋል። ሬዲዮው ብዙ ዳታ ሲልክ ኃይል አብዝቶ ስለሚስብ ልክ ሥራ ሲበዛ ጠፍቶ ይነሣል፤ ደንበኛውም «ሰው ሲበዛበት ይቋረጣል» ይላል። እውነቱን ነው።

ገመዱ ከኢንጀክተሩ ወዲያና ወዲህ ያለው ሁሉ ተደምሮ ከ100 ሜትር አይለፍ። ለውጪ የሚሆነው ጥቁር ሽፋን ያለው፣ ፀሐይ የሚችል፣ ጋሻ ያለው ነው። ፖርቱ ጊጋቢት መሆን ሲገባው 100 ሜጋቢት ላይ ከተገናኘ ከስምንቱ ክሮች አንዱ ቢያንስ አልነካም፤ 10 ሜጋቢት ላይ ከወረደ ደግሞ ገመዱ ክፉኛ ተጎድቷል። የሁለቱን ጫፍ ሁኔታ ከሬዲዮው ገጽ ላይ ማየት ይቻላል፤ የስሕተት ቆጣሪው እየጨመረ ከሄደም ያው ነው።

ኃይሉን በተመለከተ መጋዘኖች ላይ አዘውትሮ የሚገኘው ይህ ነው፦ ኢንጀክተሩ የተሰካው የጥበቃው ማሞቂያም በተሰካበት ዲቫይደር ላይ ነው። ለብቻው ሶኬት ይስጡት። መብራት ከጄኔሬተር ሲቀያየር ለሰከንዶች የሚቋረጠው ኃይል ሬዲዮውን ያስነሣዋል፤ በዚያ ላይ የራዳር ቁጥጥር ያለበት ቻናል ላይ ከሆነ ከመጀመሩ በፊት ራዳር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ቢያንስ 60 ሰከንድ ያዳምጣል። ለደንበኛው «አንድ ሰከንድ መብራት ጠፋ» የተባለው ሦስት ደቂቃ የኢንተርኔት መቋረጥ የሚሆነው በዚህ ነው። ሬዲዮው፣ ስዊቹና ራውተሩ አንድ ላይ ከ30 ዋት ብዙም አይበልጡም፤ አነስተኛ ዩፒኤስ ለእነዚህ ብቻ ይመደብ። ፕሪንተር አይሰካበት።

የመብረቅ መከላከያ ከተገጠመ ከመሬት ጋር በወፍራም መዳብ መገናኘት አለበት። መሬት የሌለው መከላከያ ሳጥን ጌጥ ነው።

ሲግናሉ ጥሩ፣ ፍጥነቱ ደካማ

ሲግናል −50 ሆኖ ፍጥነቱ ከወረደ ጫጫታውን (አየሩ ላይ ያለውን የማይፈለግ ሲግናል) ይመልከቱ። በንጹሕ አየር የጫጫታው ወለል −95 አካባቢ ነው፤ ልዩነቱ 45 ዲሲቤል ይሆናል፤ ከበቂ በላይ ነው። ሌሎች ሬዲዮዎች ሲበዙ ወለሉ −75 ይደርስና ልዩነቱ 25 ይቀራል። ከፍተኛውን ፍጥነት ለማግኘት ከ30 በላይ ያስፈልጋል።

አቅጣጫ ለይቶ መለካት የሚጠቅመው እዚህ ነው። ጫጫታ የሚጎዳው ተቀባዩን ነው። ከቢሮ ወደ መጋዘን የሚሄደው ብቻ ከተንቀራፈፈ ጫጫታው ያለው መጋዘኑ ዙሪያ ነው፤ ቢሮው ላይ ስፔክትረም (በአየሩ ላይ የተያዙትን ፍሪኩዌንሲዎች) ቢመረምሩ ንጹሕ ሆኖ ያገኙትና ግራ ይገባዎታል። ስካኑን በሁለቱም ጫፍ፣ በሥራ ሰዓት ያድርጉ። እሑድ የተመረጠ ቻናል ሰኞ ላያገለግል ይችላል። ስካን ሲደረግ መስመሩ ሊቋረጥ ስለሚችል ደንበኛውን አስቀድመው ይንገሩ።

ከዚያ የቻናሉን ስፋት ይቀንሱ። ደንበኛው የገዛው 30 ሜጋቢት ሆኖ ሳለ 80 ሜጋኸርዝ መክፈት ትርጉም የለውም፤ ስፋቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የሚገባው ጫጫታም በ3 ዲሲቤል ይጨምራል። 20 ሜጋኸርዝ ላይ ባለ ሁለት መንገድ (በቋሚና በአግድም የሚልክ) ሬዲዮ በ130 እና 144 ሜጋቢት ይገናኛል፤ በተግባር ከዚያ ግማሹ ወይም ትንሽ የሚበልጠው ይተርፋል። ለ30 ሜጋቢት ደንበኛ ይህ ይበቃል፤ መስመሩም ይረጋጋል። ካሜራ ካለ ግን አስቀድመው ያስሉ፦ እያንዳንዱ 4 ሜጋቢት የሚልክ 16 ካሜራ 64 ሜጋቢት ነው። ቅጂው መጋዘኑ ውስጥ ይቀመጥ፤ በአየር የሚያልፈው ሰው ሲመለከተው ብቻ ይሁን።

የርቀት ቅንብሩንም አይርሱ። አንዳንድ ሬዲዮ ርቀቱን በራሱ ሲገምት ይሳሳታል፤ ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ ፍጥነቱ አንድ አራተኛ ከሆነ 4 ኪሎ ሜትሩን ትንሽ ጨምረው በእጅ ይሙሉት። የአገር ኮዱ ኢትዮጵያ ይሁን፤ ስለ ፍሪኩዌንሲውና ስለ መሣሪያው ፈቃድ የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

አየሩ ደኅና፣ ውስጡ የታመመ

እዚህ ላይ የሚያጋጥመው ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንድ ሠራተኛ ከቤቱ ያመጣውን ትንሽ ራውተር በላን ፖርቱ ሰክቶት እሱም አድራሻ እያደለ ነው፤ የተቸገረው ኮምፒውተር ጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚወጣበት ራውተር አድራሻ) ከሌሎቹ የተለየ ከሆነ ይህ ነው። ሁለተኛው የአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ በአንድ ስዊች ላይ መሰካት ነው፤ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ አንድ ላይ በፍጥነት ይርገበገባሉ፣ ገመዱ ሲነቀል ሁሉም ይረጋጋል። ሦስተኛው ይበልጥ ያደናግራል፦ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ የድርጅቱ ቪፒኤን ወይም የባንክ ገጽ ግን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ፒንጉ እንዳይቆራረስ አዝዘው መጠኑን 1472 አድርገው ይላኩ፤ ካላለፈ 1464 ይሞክሩ። ሁለተኛው ካለፈ መንገዱ ላይ ፒፒፒኦኢ (በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚገናኝ የኢንተርኔት መስመር) ሳይኖር አይቀርም፤ ራውተሩ ላይ ኤምቲዩውን (በአንዴ የሚያልፈውን ትልቁን የመረጃ ጥቅል መጠን) 1492 ያድርጉ።

የመጋዘኑ ዋይፋይ የብረት መደርደሪያና የቆርቆሮ ግድግዳ መሐል ስለሆነ ከአንድ ጥግ ሆኖ ሁሉን እንዲሸፍን አይጠብቁ። ይህ ግን ከዲሹ መስመር ጋር ጉዳይ የለውም፤ ሁለቱን ለደንበኛው ለይተው ያስረዱ።

ሥራው ሲያልቅ የሁለቱን ጫፍ ሲግናል፣ ጫጫታ፣ ቻናል፣ ስፋትና የአይፐርፍ ውጤት በአንድ ወረቀት ጽፈው ኢንጀክተሩ አጠገብ ይለጥፉ። ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣው ቴክኒሻን የቀነሰውን በአንድ ዓይን ያያል። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ለሥራ አስኪያጁ ይሰጥ፤ ወረቀቱ ላይ አይጻፍ።

መስመሩ በሕንፃ ከተዘጋና ምሰሶ በማስረዘም የማይታለፍ ከሆነ ደግሞ በግልጽ ይናገሩ። ያለው አማራጭ ለመጋዘኑ የራሱን ፋይበር ወይም የሞባይል ኢንተርኔት መጠየቅ፣ ወይም ሁለቱንም የሚያይ ሦስተኛ ሕንፃ መፈለግ ነው። ሦስተኛው ሕንፃ ላይ አንድ ሬዲዮ ብቻ ተቀብሎ መልሶ እንዲልክ ካደረጉ አቅሙ በግማሽ ይወርዳል፤ በተለያየ ቻናል የሚሠሩ ሁለት ጥንድ ሬዲዮዎች ያስፈልጋሉ። ከሕንፃው ባለቤት ጋር የሚፈረመው ውል ላይ የኪራዩ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ጣሪያውን ማን በስንት ሰዓት እንደሚከፍትና የጣሪያው ብሬከር ማታ ማታ እንዳይዘጋ በግልጽ ይጻፍ።